የዐጸዱ ዛፍና የድሃው መቃብር

የፎገራን የሩዝ ማሳ ከኋላው ትቶ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ ግራ ቀኙን ሲቃኝ የሚያየው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ የታረሰ መሬት፣ የተጋጠ መስክ፣ እዚህም እዚያም የባሕር ዛፍ ረድፍ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አልፎ አልፎ እንደ ደሴት ብቅ የሚል ጥቁር አረንጓዴ ክብ አለ። መንደሩን ባያውቀውም ያ ክብ ደብር መሆኑን ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ባንድነት ቆመው የሚታዩበት ስፍራ፣ በዚያ አገር ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ በቀር እምብዛም የለም።

ስለ ዐጸዱ ሲነሣ የሚሰማው ታሪክ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ አገሩ ሁሉ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨፈጨፈው፣ ቤተ ክርስቲያን የተረፈውን አዳነች። ይህ አባባል ለንግግር ይመቻል እንጂ ለታሪክ አይበቃም። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት ከመቶው አርባው በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውን ተደጋጋሚ አነጋገር የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ሞግቶታል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ላይ ያነሷቸው ፎቶግራፎችም ከኋለኞቹ ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የደብሩ ደን ያን ጊዜም ቢሆን ራሱን ችሎ የቆመ ደሴት እንደ ነበር ያመለክታሉ። ልዩነቱ በዳርቻው ላይ ነው። ያኔ ደኑን ከእርሻው የሚለይ ቁጥቋጦ ነበረ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ማረሻው እስከ ዛፉ ሥር ይደርሳል።

እንግዲህ ዐጸዱ ከጥፋት የተረፈ ፍርፋሪ ብቻ አይደለም፤ በሰው ሕግና በሰው ድካም ለብዙ ዘመን ተይዞ የኖረ ነገር ነው። የያዘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው። ካህናቱ ዛፉን እንደ ቤተ ክርስቲያኗ ልብስ ያዩታል፤ ዛፍ የሌለው ደብር በእነርሱ ዓይን የተራቆተ ሰው ነው። ከመቅደሱ፣ ከቅድስቱና ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ ዐጸዱን አራተኛው ክፍል ብንለው ከእነርሱ አስተሳሰብ አንርቅም። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በዚያ ጥላ ሥር ነው፤ የሰበካው ሽማግሌ ዕርቅ የሚያወርደውም ከዚያው ነው። ይሁንና ግዝት ብቻውን ደን አያቆምም። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ፣ ማረሻና የቀንድ ከብት በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ሆነው የኖሩት ሕዝቡ ከጥላው ሥር ቡና ለቅሞ ስለሚተዳደር ጭምር ነው። ክልክሉን ጥቅሙ ደግፎታል።

ሁለተኛው መልስ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ደኑን የያዙት ሙታን ናቸው፤ ከሙታንም ድሆቹ። በባላባቱ ሥርዓት መቃብርም እንደ መሬቱ ማዕረግ ነበረው። ባለ ጉልቱና መኳንንቱ ወደ ሕንጻው ተጠግተው ሲያርፉ፣ ገበሬው ራቅ ብሎ ከዛፉ መካከል ይቀበር ነበር። ሣጥን አልነበረውም። በሰሌን ተጠቅልሎ አፈር ይገባል፤ ጅብ እንዳይቆፍረው በላዩ ድንጋይ ይከመርበታል፤ በዚሁ ያበቃል። ይህ ድህነት ለዛፉ በጀው፤ ሰሌኑ ይበሰብሳል፣ የተቆፈረው አፈር ለሥር ይላላል። የአያቴን መቃብር በልጅነቴ የማውቀው በድንጋይ ክምሩ ነበር። አንድ ቀን በክምሩ መካከል የጥድ ችግኝ በቅላ አየሁ። በዙሪያዋ ያለውን ከብት ሲግጠው እሷን ድንጋዩ አስጥሏት ነበር። ልነቅላት ስል እናቴ ከለከለችኝ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገረችኝም።

በዚህ ዓይነት የተጠበቀው ሀብት ቀላል አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ከዐጸዶቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። በዚያች ጠባብ ስፍራ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ወፉ የወይራውን ፍሬ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ንቡ በዐጸዱ አድሮ የገበሬውን የኑግ አበባ ይቀስማል። ለባለቅኔ ደግሞ ስሞቹ ራሳቸው መዝገብ ናቸው፤ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ኮሽም፣ እንዶድ። እንዶድን ካነሣን አይቀር፣ እናቶቻችን ነጠላ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህ ተክል የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቆመው ነው። አንድ ሐረግ ይህን ያህል ካስተማረ የቀሩት ምን እንደ ያዙ ማን ያውቃል!

ደኑ ግን እያረጀ ነው። አንጋፋው ዛፍ ቆሞ ሳለ ተተኪው የለም። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታና ባልታጠረው ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ችግኝ በሕይወት የሚቆየው ኮቴና ጥርስ በማይደርስበት መሆኑ ታይቷል። ከዚህ በመነሣት ደብረ ሰናን በመሳሰሉ ቦታዎች ሕዝቡ ከገዛ ማሳው ድንጋይ እየለቀመ ዐጸዱን በካብ አጥሯል። ዘዴው ሁለት ጥቅም አለው፤ ማሳው ለማረሻ ይለዝባል፣ ደኑም ዳርቻውን መልሶ ያገኛል። የአያቴ መቃብር በትንሹ ያደረገውን ካቡ በትልቁ ያደርገዋል ማለት ነው።

ከብቱ በካብ ይመለስ ይሆናል። ሌላው ነገር ግን ከውስጥ የመጣ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የባለ ጉልቱን መሬት ሲወስድ የመቃብሩም ማዕረግ ውሎ አድሮ ተናጋ። ዛሬ የገበሬው ልጅ ለአባቱ የሲሚንቶ ሐውልት ያሠራል፤ ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ካለ ሐውልቱ ባለ እብነ በረድ ይሆናል። ሐውልት ጥላ አይፈልግም፤ ሥርም አይወድም። ከአንዱ ዐጸድ ወደ ሌላው ሲኬድ መቃብሩ፣ አዳዲሱ ሕንጻና የእግር መንገዱ ደኑን ከመሐሉ ሲበሉት ይታያል። ይህን ነውር ብሎ መፍረድ ለእኔ ይከብደኛል። ስንት ትውልድ ሙሉ ስም በሌለው ድንጋይ ሥር ለተቀበረ ቤተሰብ፣ አሁን ስሙን በሲሚንቶ ሊያስጽፍ ሲነሣ፣ «አንተስ በሰሌን ይብቃህ፤ ለዛፉ ይበጃል» ብሎ የሚመክረው ማን ነው? ጌቶቹ በድንጋይ ቤት ሲያርፉ ዝም ያለ ሁሉ ለዚህ ምክር አፍ የለውም።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ወንድሞቼ ለእሷና ለአያታችን አንድ ሐውልት እንዲሠራ ተስማሙ። እኔም ድርሻዬን ከፈልሁ። ግንበኛው ቦታውን አይቶ ጥዱ ካልተቆረጠ ሥሩ ሲሚንቶውን እንደሚሰነጥቀው ነገረን፤ ልክ ነበር። የዛፉ ግንድ ያን ጊዜ ከአንድ ሰው ዕቅፍ ያልፍ ነበር። ከግንዱ የወጣው ሳንቃ ለቤተ ልሔሙ በር ሆነ፤ ጉቶው ከሐውልቱ ደረጃ ሥር ተቀብሯል።