የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራን የማስቆም ዓለም አቀፍ ጥረት፣ የኢትዮጵያ ድርሻና ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች ያለው ፋይዳ

የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራ የመሣሪያውን ኃይልና አሠራር ለማወቅ በአየር ላይ፣ በውኃ ውስጥ ወይም ከመሬት በታች የሚካሄድ ፍንዳታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በዓለም ከ2,000 በላይ ሙከራዎች ተካሂደዋል። አፍሪካም ከዚህ አላመለጠችም፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በአልጄሪያ ሰሐራ 17 ሙከራዎችን አድርጋለች።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር ጦር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ መሆኑን የሚገልጽ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ውሳኔውን በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ዓመት በጄኔቭ በተቋቋመው የአሥራ ስምንት አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ አባል ሆነች። ኢትዮጵያና ሌሎች ሰባት ገለልተኛ አገሮች ሚያዝያ 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ባቀረቡት የጋራ ሰነድ፣ በየአገሩ ያሉ የመመልከቻ ጣቢያዎችን መሠረት ያደረገና በሳይንቲስቶች ኮሚሽን የሚመራ የሙከራ ቁጥጥር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በሞስኮ የተፈረመው ስምምነት በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የሚደረጉ ሙከራዎችን ከለከለ። ከመሬት በታች የሚደረገው ግን አልተካተተም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የፍንዳታን ንዝረት ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት መለየትና ማረጋገጥ እንደሚቻል ኃያላኑ መስማማት አለመቻላቸው ነበር።

ማንኛውንም የኑክሌር ሙከራ ፍንዳታ የሚከለክለው ሁሉን አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 1996 ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ በማግስቱ ፈረመች፤ ነሐሴ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. አጸደቀች። አፍሪካን ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገውንና ሙከራንም የሚከለክለውን የፔሊንዳባ ስምምነትም አጽድቃለች፤ ይህ ስምምነት ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው።

ቁጥጥሩ የሚሠራው እንዴት ነው?

በስምምነቱ መሠረት በዓለም ዙሪያ 337 የክትትል ጣቢያዎችና ላቦራቶሪዎች እንዲኖሩ ተወስኗል። እነዚህም የመሬትን ንዝረት፣ በባሕር ውስጥ የሚጓዝ ድምፅን፣ ጆሮ የማይሰማውን የአየር ሞገድና በአየር ላይ የሚገኙ ራዲዮአክቲቭ ቅንጣቶችን ይከታተላሉ። ከረዳት የንዝረት ጣቢያዎቹ አንዱ በአዲስ አበባ አቅራቢያ በፉሪ የሚገኘው ነው።

ፍንዳታ ዐለትን በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይገፋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ዐለት በስንጥቅ ላይ ተንሸራቶ የሚፈጠር ነው። በመሆኑም ሁለቱ በመሣሪያ ላይ የሚተዉት ምልክት ይለያያል። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ያካሄደቻቸው ስድስት ሙከራዎች በሙሉ በዚህ መረብ ተመዝግበዋል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች

ሁለቱ ከተሞች የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አካባቢ ስለሆነ የመሬት ንዝረት የተፈጥሮ ክስተት ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ክፉኛ ተጎድታለች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። የዚህን ክስተት ጥናት ያካሄዱት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሩት አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። የፍንዳታን ንዝረት ለመለየት የሚያገለግለው ዕውቀትና መሣሪያ ይህንን አደጋም ለማጥናት ያገለግላል። ስለሆነም ነዋሪዎች የሚከተሉትን እንዲያውቁ ይመከራል።

• ስለ ንዝረት ቦታና መጠን የተረጋገጠ መረጃ የሚሰጠው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ነው።
• የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንሳዊ ዘዴ የለም። እንዲህ ያሉ መልእክቶችን ማሰራጨት አይገባም።
• ንዝረት ሲሰማ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ከመስኮት ርቆ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይጠለል፤ በውጭ ያለ ሰው ከግንብና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ።
• በደሴ ተዳፋት ሥፍራዎች የሚኖሩ ሰዎች ከንዝረት በኋላ የመሬት መሰንጠቅ ወይም የድንጋይ መንከባለል ካዩ ቦታውን ለቀው ለቀበሌያቸው ያሳውቁ።
• ቤት የሚሠራ ሰው ዲዛይኑ የአገሪቱን የሕንፃ ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥ ድንጋጌ ማሟላቱን ከግንባታ በፊት ያረጋግጥ።

የቀረው ሥራ

ሁሉን አቀፉ ስምምነት በሥራ ላይ የሚውለው በአባሪው የተዘረዘሩት 44 አገሮች በሙሉ ሲያጸድቁት ነው። አሜሪካ፣ ቻይና፣ ግብፅ፣ ኢራንና እስራኤል ፈርመው አላጸደቁም፤ ህንድ፣ ፓኪስታንና ሰሜን ኮሪያ አልፈረሙም፤ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2023 ማጽደቋን ሽራለች። ስለዚህ የክትትሉ መረብ መረጃ እየሰበሰበ ቢሆንም፣ በተጠረጠረ ቦታ ተገኝቶ የመመርመር ሥልጣን የሚገኘው ስምምነቱ ሲጸና ብቻ ነው። ነሐሴ 23 ቀን በየዓመቱ የኑክሌር ሙከራን የመቃወም ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይታሰባል።