የእንስራው ጢስና የጀሪካኑ ዝልግልግ

ስለ ግሽ ዓባይ በተጻፈ ቁጥር ሁለት ፈረንጆች ይነሳሉ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሰከላ ካለው ምንጭ መድረሳቸው ይተረካል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከምንጩ ውሃ ቀድታ ቤቷ የምትገባው ሴት ግን ታሪክ ውስጥ እምብዛም የለችም። ዛሬ የምናወራው ስለ እሷ ዕቃ ነው። ዕቃም እኮ ታሪክ አለው።

እስቲ ጸበል ሊቀዳ የመጣውን ሰው እጅ እንይ። ቢጫ ጀሪካን ይዟል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ትናንት ዘይት የነበረበት ጀሪካን ዛሬ የውሃ ዕቃ ነው። ጣታችንን በአፉ ከትተን ውስጡን ስንነካው ያዳልጣል። ያ ዝልግልግ ነገር ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ባክቴሪያዎች ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ሙጫ መሰል ነገር ያመነጫሉ፣ ከሥሩ ተከልለው ይራባሉ። ሳይንቲስቶች ባዮፊልም ይሉታል። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ይገድላል፤ ዝልግልጉ ግን ክሎሪኑን እየበላ ከሥሩ ያሉትን ያስጥላቸዋል። ከዚያ እየተላቀቁ ወደ ንጹሑ ውሃ ይመለሳሉ። ጠጪው ደግሞ ሕፃን ልጅ ሊሆን ይችላል።

እናቶቻችን ባዮፊልም የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ ጠላትነቱን ግን ያውቁ ነበር። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ያሹታል፣ ያለቀልቁታል፣ ፀሐይ ላይ ይደፉታል፣ በመጨረሻም በወይራ ጢስ ያጥኑታል። የወተት ቅሉም፣ በአንዳንድ ቤት የውሃ እንስራውም እንዲሁ ይታጠናል። እኛ «ለሽታው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖልን የመሰሉ ኬሚካሎች ባክቴሪያን ይጎዳሉ። ጀሪካን መጣና ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ የሴቶቹንም ጀርባ አሳርፏል፤ ውለታውን አንክድም። ግን አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፣ ፍም ላይ ተደፍቶም አይታጠንም።

እናቶቻችን የሚተማመኑበትን የፀሐይ ኃይል ሳይንስ የመዘገበው ዘግይቶ ነው። በ1877 ዳውንስና ብላንት የተባሉ እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያ እንዳይራባ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1900 ደግሞ የሙኒኩ የሕክምና ተማሪ ኦስካር ራብ አንድ አስገራሚ ነገር አሳተመ። አክሪዲን የተባለ ቀለም የነካቸው ባለአንድ ሴል ፍጥረታት ብርሃን ሲያገኙ ቶሎ ይሞታሉ፤ በጨለማ ግን ይቆያሉ። ቀለሙ ብርሃኑን ይቀበልና በአጠገቡ ያለውን ኦክስጅን «ያስቆጣዋል»። የተቆጣው ኦክስጅን ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ርቆ አይሄድም፤ አጠገቡ ያገኘውን ያቃጥላል።

የዘመኑ ተመራማሪዎች ታዲያ «ቀለሙን ፕላስቲኩ ውስጥ ብናስገባውስ?» አሉ። በ2014 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሜቲሊን ብሉና ክሪስታል ቫዮሌት የተባሉ ቀለሞችን ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ጋር ከሲሊኮን አዋሃዱ። ክሪስታል ቫዮሌት ባዕድ አይደለም፤ ቁስል የሚቀባው ሐምራዊው ጂቪ እሱ ነው። የተሠራው ቁስ በብርሃን ባክቴሪያን ገደለ፤ በጨለማም ቀስ እያለ ገደለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያው ገና ሲያርፍ ከተገደለ ሰፈር መመሥረቻ ጊዜ አያገኝም።

ይሁን እንጂ አንቸኩል። ይህ ምርምር በዋናነት የሚያስበው ለሆስፒታል ነው፤ ለሽንት ቱቦ፣ ለበር እጀታ። በጎጆ ጥግ ተከድኖ ለሚቀመጥ ጀሪካን ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ የሰከላን ቤት የሚያውቅ የእኛው ኬሚስት ካላነሳው ማን ያነሳዋል?

እስከዚያው ጀሪካኑን በሳሙናና በጠጠር ደጋግመን እንናጠው፣ አጥበን አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀን ፀሐይ ላይ እናድርቀው። አዲስ ነገር አልተናገርንም፤ እናቶቻችን ለጋኑ ያደርጉት የነበረውን ነው ለጀሪካኑ የምንመልስለት።