መደርደሪያ ያልነበራቸው ጨዋታዎች

በሜይ 2008 የማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ላይቭ ኃላፊ ማርክ ዊተን አንድ አዲስ ደንብ ይፋ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ የሚመለከተው ኤክስቦክስ ላይቭ አርኬድ በተባለው የኢንተርኔት ሱቅ የሚሸጡትን ትንንሽ የቪዲዮ ጨዋታዎች ነበር። አንድ ጨዋታ ለገበያ ከቀረበ ስድስት ወር ካለፈው፣ የሐያስያንን ነጥብ አሰባስቦ በሚያሰላው ሜታክሪቲክ በተባለው ድረ ገጽ አማካይ ነጥቡ ከ65 በታች ከሆነና በነጻ ከሞከሩት ሰዎች መካከል የገዙት ከ6 በመቶ ካነሱ፣ ለአሳታሚው የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ከሱቁ እንዲነሳ ደንቡ ያዝዝ ነበር። መስፈርቶቹ ተጣምረው የሚሠሩ እንጂ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በቂ አልነበሩም።

ደንቡ አጭር ነው፤ የያዘው ነገር ግን ብዙ ነው። ሐያሲ ሥራን ሲነቅፍ ሽያጩን ሊጎዳ መቻሉ የቆየ እውነት ነው። ሆኖም የተነቀፈ መጽሐፍ በአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ይገኛል፤ የተነቀፈ ፊልምም በቪዲዮ ካሴት ይተርፋል። ከእነዚህ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ግን ካርቶንም ዲስክም አልነበራቸውም። ከሱቁ ከተነሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚገዙበት ቦታ አልነበረም። እኔ እስከማውቀው ድረስ የሐያስያን ድምር ነጥብ አንድ ሥራ በገበያ ላይ የመቆየት ዕድሉን የሚወስን መስፈርት ሆኖ እንዲህ በግልጽ የተነገረበት ጊዜ ጥቂት ነው። እዚህ ደረጃ እንዴት እንደተደረሰ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ጨዋታን በሽቦ ወይም በአየር ወደ ቤት የማድረስ ሐሳብ አዲስ አልነበረም። በ1983 ጌምላይን የተባለው አገልግሎት በስልክ መስመር ለአታሪ 2600 ጨዋታ ያወርድ ነበር። በጃፓን ደግሞ ኔንቴንዶ ከኤፕሪል 1995 ጀምሮ በሳተላይት ይልክ ነበር። ሁለቱም እንደ ሥርጭት ወይም እንደ ኪራይ እንጂ ሰው ገዝቶ የራሱ የሚያደርገው ዕቃ የሚሸጥባቸው አልነበሩም። ሐያስያንም አንድ ወጥ የአመዛዘን ልማድ አላበጁላቸውም።

ልማዱ የተበጀው ኤክስቦክስ 360 የተባለው የማይክሮሶፍት መጫወቻ መሣሪያ በኖቬምበር 22፣ 2005 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ከቀረቡት ትንንሽ ጨዋታዎች አንዱ የሊቨርፑሉ ቢዛር ክሪኤሽንስ የሠራው ጂኦሜትሪ ዋርስ ነበር። ይህ ጨዋታ መጀመሪያ በአንድ የመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ እንደ ጉርሻ የተቀመጠ ትንሽ መዝናኛ ነበር። ዋጋው 400 ነጥብ ማለትም 5 ዶላር ነበር። ማይክሮሶፍት በዶላር ሳይሆን በራሱ «ነጥብ» ነበር የሚሸጠው፤ 80 ነጥብ አንድ ዶላር ያወጣ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ግምገማዎች ዋጋን ደጋግመው በሁለቱም መንገድ ሲጽፉ የምናየው ለዚህ ነው፤ ሐያሲው ለአንባቢው የሒሳብ አስተርጓሚም ሆኖ ነበር።

የጨዋታዎቹ ትንሽነት በፈጠራ ምርጫ ብቻ የመጣ አይደለም። የመሣሪያው ርካሽ ዓይነት ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ጨዋታ የሚቀመጠው 64 ሜጋባይት በሚይዝ ትንሽ ካርድ ላይ ነበር። ስለዚህ ማይክሮሶፍት የእያንዳንዱን ጨዋታ መጠን ከ50 ሜጋባይት እንዳያልፍ ገደበው። ገደቡ በ2007 ወደ 150፣ በ2008 ደግሞ ወደ 350 ሜጋባይት ከፍ አለ። «ትንሽ ጨዋታ» የሚለው ስም መነሻው ይህ የማስቀመጫ ጥበት ነው። ብዙ ሐያስያን ግን ትንሽነቱን የሠሪዎቹ ድክመት አድርገው ቆጠሩት።

ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። የጨዋታ ሂስ በመጽሔት ያደገ ሙያ ነው። በጃፓን ከ1986 ጀምሮ ፋሚጹ አራት ገምጋሚዎችን አስቀምጦ እያንዳንዳቸው ከ10 እየሰጡ ድምሩን ከ40 ያወጣ ነበር። በአሜሪካ በ1989 የተጀመረው ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ እንዲሁ በአራት ሰዎች አስገመገመ። የእንግሊዙ ኤጅ በ1993 ተመሠረተ። እነዚህ ሁሉ ሚዛናቸውን የሠሩት በዲስክ ወይም በካርትሪጅ በሙሉ ዋጋ ለሚሸጥ ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ አንባቢም «ጨዋታ» ሲባል የሚታየው ያው ዲስክ ነው። 60 ዶላር የተከፈለበት ነገር ስንት ሰዓት ያጫውታል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ጥያቄው ሳይለወጥ ወደ 5 እና 10 ዶላር ጨዋታዎች ተሻገረ።

ይህ ሚዛን በግልጽ የተፈተነው ከዊተን ደንብ ሦስት ወር በኋላ ነው። በኦገስት 6፣ 2008 ብሬድ ወጣ። ደራሲው ጆናታን ብሎው ጨዋታውን ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ገና ሳይጠናቀቅ በ2006 በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል የንድፍ ፈጠራ ሽልማት አግኝቷል። ብሎው ወደ 200,000 ዶላር የሚጠጋ የራሱን ገንዘብ አፍስሶበታል፤ ሥዕሉን የሠራው ዴቪድ ሄልማን ነው። ተጫዋቹ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ዓለም ውስጥ ጊዜ የሚመራበት ሕግ ግን የተለየ ነው። በአንዱ ዓለም ወደ ቀኝ ሲሄዱ ጊዜ ይፈሳል፣ ወደ ግራ ሲሄዱ ይመለሳል። በሌላው ደግሞ ለጊዜ የማይታዘዙ ነገሮች አሉ። ዋጋው 1,200 ነጥብ ማለትም 15 ዶላር ሆነ።

ጭቅጭቁ በዚህ ዋጋ ላይ ተነሳ። ገዢዎች 10 ዶላርን የዚህ ሱቅ ጣሪያ አድርገው ለምደው ነበር። በጥቂት ሰዓታት የሚያልቅ ጨዋታ 15 ዶላር ያወጣል ወይ? የዚያ ሰሞን ሂሶች በዚህ ጥያቄ ተሞልተዋል። ከወደዱትም ብዙዎቹ ስለ ርዝመቱና ስለ ዋጋው አንድ አንቀጽ ሳይመድቡ አላለፉም። ነጥቡ ግን ከፍ ብሎ ወጣ፤ በሜታክሪቲክ 93 ከ100 አስመዘገበ። ብዙ የ60 ዶላር ጨዋታዎች እዚያ አይደርሱም።

እዚህ ላይ የምንጭ ሂስ ያስፈልገናል። ሐያሲ ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን የሚያገኘው ከአሳታሚው በነጻ ነው፤ ከሽያጩ ቀን አስቀድሞ፣ ከቀነ ገደብ ጋር እየታገለ ይጫወተዋል። ስለ ዋጋ ሲጽፍ ከኪሱ ስላወጣው ገንዘብ አይደለም የሚናገረው፤ አንባቢው ያወጣዋል ብሎ ስለሚያስበው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የብሬድ ሂሶች የዋጋ አንቀጽ ስለ ጨዋታው ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን በ2008 ሰው ላልጨበጠው፣ ካርቶን ለሌለው ነገር ገንዘብ መክፈልን ምን ያህል እንዳልለመደው ነው። ለዚህ ጉዳይ ከእነዚያ አንቀጾች የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። በእኔ አመለካከት የሐያስያኑ ስህተት ዋጋን ማንሳታቸው አልነበረም፤ ሰዓትን የዋጋ መለኪያ ማድረጋቸው ነበር። እንቆቅልሽ የሚለካው ተፈቶ ባስተማረው ነገር ነው። ብሬድ አንድን እንቆቅልሽ ሁለት ጊዜ አይደግምም፤ ቢደግም ኖሮ ይረዝም ነበር፣ የሰዓት ወቀሳውም ይቀንስለት ነበር።

በኔንቴንዶ ቤት ሁኔታው ከዚህ የከፋ ነበር። ዊ ዌር የተባለው ሱቅ በጃፓን በማርች 25፣ በሰሜን አሜሪካ በሜይ 12፣ 2008 ተከፈተ። የመጠን ገደቡ 40 ሜጋባይት ነበር። የዊ መሣሪያ ራሱ የነበረው ማስቀመጫ 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ሞልቶ ሲገኝ አዲስ ለማስገባት አሮጌውን ማንሳት ግድ ነበር። ከሁሉ የሚያይለው ልዩነት ግን የሙከራ ቅጂ ነው። ማይክሮሶፍት እያንዳንዱ ጨዋታ በነጻ የሚሞከር ክፍል እንዲኖረው ያስገድድ ነበር፤ የ6 በመቶው ስሌትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በዊ ዌር ግን በሰሜን አሜሪካ እስከ 2009 መገባደጃ ድረስ የሙከራ ቅጂ አልነበረም። ገዢው የነበረው ስም፣ ጥቂት ሥዕልና አጭር መግለጫ ነበር። ከዚያ ውጭ የሚጠይቀው ምስክር ሐያሲውን ብቻ ነበር።

ወርልድ ኦቭ ጉ የወጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ፣ በኦክቶበር 13፣ 2008 ነው። የሠሩት ካይል ጋብለርና ሮን ካርመል ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ አርትስ ተቀጣሪ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዋጋው 15 ዶላር፣ የሜታክሪቲክ ነጥቡ 94። በትልልቅ ኩባንያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሚደክሙባቸው ጨዋታዎች ጋር በዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ ተቆጠረ። ማስታወቂያ የሚገዛበት ብዙ ገንዘብ ለሌለው የሁለት ሰዎች ሥራ ያንን ሁሉ ጆሮ ካስገኙለት ነገሮች አንዱና ዋናው ሂስ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ላይ የሐያሲው ዓይን በጣም ሳሳ። የኔንቴንዶ ዲኤስአይ ሱቅ በ200፣ በ500 እና በ800 ነጥብ ብዙ ትንንሽ ሥራዎችን ሸጠ። ሶኒ በኦክቶበር 2009 ለፒኤስፒ «ሚኒስ» የተባሉትን ከ100 ሜጋባይት የማይበልጡ ጨዋታዎች አቀረበ። እንደ ዌይፎርዋርዱ ሻንታይ፦ ሪስኪስ ሪቬንጅ (2010) ያሉ ጥቂቶች ሰፊ ሂስ አገኙ፤ ብዙዎቹ ግን አንድ ወይም ሁለት አጭር ግምገማ ብቻ ቢያገኙ ነው።

ይህ ወደ 65 ይመልሰናል። ሜታክሪቲክ በጃንዋሪ 2001 የተጀመረ ድረ ገጽ ነው። አማካይ ነጥብ የሚያወጣው ቢያንስ አራት ግምገማ ሲያገኝ ነው፤ ለእያንዳንዱ መጽሔት የሚሰጠው ክብደት የተለያየ ሲሆን የክብደቶቹን መጠን ለሕዝብ አይገልጽም። ለትልቅ ጨዋታ ስልሳ ሰባ ግምገማ ስለሚገኝ የአንድ ሰው አስተያየት አይጎላም። አራት ወይም አምስት ግምገማ ብቻ ያለው ትንሽ ጨዋታ ግን አንድ የተቻኮለ ገምጋሚ 40 ከሰጠው ከ70 ወደ 63 ገደማ ሊወርድ ይችላል። የዊተን ደንብ አንደኛው እግር የቆመው በእንዲህ ያለ ስስ መሬት ላይ ነበር። የሱቁ መጨናነቅ እውነተኛ ችግር መሆኑን አልክድም። ዳኝነቱን ለዚህ ዓይነት ቁጥር መስጠት ግን ስህተት ነበር። ሐያሲው የጻፈው ለአንባቢ ምክር ነው፤ ደንቡ ምክሩን ፍርድ አደረገው።

ከአራት ዓመት በኋላ የሂሱ ቋንቋ ተለውጧል። በማርች 13፣ 2012 ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው የዳትጌምካምፓኒ ጨዋታ ጀርኒ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ዋጋው እንደ ብሬድ 15 ዶላር ነበር። ነጥቡ 92 ሆነ፤ የሙዚቃ አልበሙ ከቪዲዮ ጨዋታ አልበሞች የመጀመሪያው ሆኖ ለግራሚ ታጨ፤ በፌብሯሪ 2013 በዳይስ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ። ርዝመቱ በሂሶቹ ውስጥ አልተዘለለም። ነገር ግን በአንድ ምሽት፣ ሳይነሱ ቢጫወቱት ይሻላል እየተባለ ከወቀሳነት ወደ ምክርነት ዞረ። ከብሬድ ዘመን ሂስ ጋር ጎን ለጎን ላነበበው ሰው ሚዛኑ ሲቀየር በዓይን ይታያል።

የዲኤስአይ ሱቅ በማርች 31፣ 2017 ተዘጋ። የዊ ሱቅ በጃንዋሪ 30፣ 2019፣ የኤክስቦክስ 360 ሱቅ በጁላይ 29፣ 2024 ተከተሉ። ብሬድና ወርልድ ኦቭ ጉ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ይገኛሉ፤ የነጥባቸው ከፍታ ለዚህ ሳይረዳቸው አልቀረም። ዝነኛ ያልነበሩት ግን ብዙዎቹ የሚገዙበት ቦታ የላቸውም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ለገበያ እንደማይቀርቡ ገልጿል። ስለ አንድ የጠፋ የ5 ዶላር ጨዋታ ምን እንደነበረ፣ በጣት ሲነካ ምን እንደሚሰማ፣ ሰው ለምን እንደናቀው ወይም እንደወደደው የሚነግረን ያ አንድ ገጽ ያልሞላ ግምገማ ነው።

ግምገማዎቹም ራሳቸው እየጠፉ ናቸው። ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ በጃንዋሪ 2009 ሕትመቱን አቋረጠ። ጌም ኢንፎርመር በኦገስት 2024 ሲዘጋ የድረ ገጹ ጽሑፎች በአንድ ቀን ከአንባቢ ተሰወሩ፤ በ2025 ነው የተመለሱት። በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ወይም ከዚያ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የእነዚያን ዓመታት የጨዋታ መጽሔት ያገኛችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት። በተለይ የኋላ ገጾቹን፣ በትንሽ ፊደል የታተሙትን አጫጭር ግምገማዎች፣ ጠብቁልን።