«ግብረ ሰዶማዊ» እና «ዜጋ»፦ የስያሜ ትግል ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከተማ

የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ አማርኛ በጅቡቲ ከተማ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ሶማልኛና አፋርኛ በሚነገሩባት፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋ በሆኑባት በዚህች ወደብ፣ ነጋዴውም የጭነት መኪና ሾፌሩም ስደተኛውም አማርኛን ይዞ ይገባል። ከቋንቋው ጋር ስድቡም አብሮ ይገባል። ዛሬ ስድቡን ለማጓጓዝ ባቡርም መኪናም አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል።

የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በተመለከተ የሁለቱ አገሮች ሕግ ቋንቋ ይለያያል። የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የጅቡቲ የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በስም ጠርቶ አይከለክልም። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 629 ይከለክላል፤ ስሙንም «ግብረ ሰዶም» ይለዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2008 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ጾታዊ ዝንባሌና ሰብአዊ መብት መግለጫ ሲነበብ፣ ሁለቱም መንግሥታት ከተቃዋሚዎቹ ጎን ተሰልፈዋል። የሕግ ዝምታ የመንግሥት ገለልተኝነት ምልክት አይደለም ማለት ነው።

ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ የሚያጓጓው ግን ቃሉ ራሱ ነው። «ግብረ ሰዶም» የግእዝ ዘርፍና ባለቤት ነው፤ የሚሰይመው ሥራን ነው። «ኣዊ» የሚለው ምዕላድ ሲጨመርበት ግን ሥራው ሰው ይሆናል። ይህ ምዕላድ «ኢትዮጵያዊ» በሚለው ቃል ውስጥ ትውልድንና አገርን የሚያመለክተው ነው። ስለዚህ «ግብረ ሰዶማዊ» የተባለው ሰው አንድ ድርጊት ፈጸመ ብቻ አልተባለም፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 19 በእሳትና በዲን የጠፋችው ከተማ አገሩ ሆና ተሰጠችው።

መልሱም ከዚያው ከአገርነት ጉዳይ መጣ። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው መጥራት ጀመሩ። ቃሉ የራሱ ታሪክ አለው፦ በጎንደር ዘመንና ከዚያ በኋላ በጎጃም የርስትና የጉልት ሰነዶች «ዜጋ» በሌላው መሬት ላይ የሚኖር ዝቅተኛ ጥገኛ ነበር፤ ሙሉ መብት ያለው የአገር ልጅ ማለት የሆነው በኋላ ነው። የተጠሪዎቹ ምርጫ ይህን ታሪክ አስቦ ይሁን አይሁን፣ ሁለቱም ትርጉሞች ለኑሯቸው ይስማማሉ። ከውጭ አገር የሚንቀሳቀሰው የመብት ተሟጋች ድርጅት ስምም እንዲሁ ነው፦ ቤተ ጉራማይሌ። ጉራማይሌ እያፈራረቁ የተነቀሰ ድድ ነው፤ ቋንቋ የሚቀላቅል ንግግርም ነው። ንጹሕ አማርኛ ለሚሹ ሰዎች ነቀፋ የሆነውን ቃል ድርጅቱ የቤቱ መጠሪያ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ስያሜው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። በቲክቶክ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም እየተለጠፈ ይገረፉ፣ ይወጉ፣ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች ተሠራጩ። በነሐሴ የአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ቁጥጥር እንደሚያደርጉ አስታወቁ። ቤተ ጉራማይሌ ቲክቶክ ቪዲዮዎቹን እንዳላነሣ በይፋ ከሰሰ። ቪዲዮ ይነሣ ብሎ ማመልከት ደግሞ በአማርኛ ቀላል ሥራ አይደለም፦ «ሰዶም» የሚለው ቃል በስብከትም በዛቻም ውስጥ ይገኛል፤ የቱ ትምህርት፣ የቱ የግድያ ጥሪ እንደሆነ የሚለየው ዐውዱን የሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው።

በአገር ውስጥ ሕግ መከታ የሚፈልግ ሰው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ይከፍታል። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን ሲበይን ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ይዘረዝራል። ጾታዊ ዝንባሌ በዝርዝሩ የለም። «ጾታ» ፆታቸውን የለወጡ ሰዎችን ይሸፍን አይሸፍን ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም፤ ስሙና ፎቶግራፉ በቪዲዮ የወጣበት ሰውም ክስ ለመመሥረት ሲሄድ በመጀመሪያ የሚጠብቀው አንቀጽ 629 ነው።