ከጠመንጃ እስከ ጓሮ ካሜራ፤ ወፎቻችንን የመመዝገብ አጭር ታሪክ

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይላሉ አበው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሰው ልማድ ለማስረዳት ነው። ወፍ ራሱ በእውነት እንዳገሩ ሲጮኽ ቀርቦ አዳምጦ፣ ቀንና ቦታ ጠቅሶ የመዘገበ ግን ማን ነው? የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርጌ፣ የጓሮ ወፎችን በቤት ካሜራ ስለ መመልከትና ስለ መቅረጽ ለመጻፍ መረጥሁ። ርእሱ ለመሐንዲስ የቀለለ የሚመስላቸው ባልደረቦች ይኖሩ ይሆናል፤ እስከ ፍጻሜው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማማውና ወንጭፉ

የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ስሟን ከረቡዕ ገበያዋ ባገኘችው በሮብ ገበያ ነው። አገሩ ደጋ፣ እህሉም ጤፍና ስንዴ ነው፤ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ግን ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ይገኛል። በልጅነቴ አንድ መኸር አጎቴ ዘንድ ቆላ ወርጄ ወፍ ጠብቄአለሁ። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከማማው ላይ ይወጣና ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኽና ሲወነጭፍ ይውላል።

የወፍ ጠባቂ ልጅ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። የትኛው ወፍ በመንጋ እንደሚመጣ፣ የትኛው ፀሐይ ሳትወጣ እንደሚወርድ፣ የትኛው ከእህሉ ይልቅ ትሉን እንደሚለቅም ያውቃል። ስለዚህ የአገራችን የመጀመሪያው ወፍ ተመልካች በማማ ላይ የቆመው ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይሁን እንጂ የሚመለከተው ወፉ እንዳይመጣበት ነበር እንጂ እንዲመጣለት አልነበረም፤ ያወቀውም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በወረቀት አልሰፈረም።

የጠመንጃው ዘመን

በወረቀት ያሰፈሩት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ወደ አውሮፓ ሲመለስ፣ በአገራችን ያዘጋጀውን የወፎች ሥዕልና ማስታወሻ ለፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ለቡፎን አሳየው። በቡፎን መጽሐፍ ውስጥም «ባግላፌክት» የምትባል የሐበሻ ወፍ ተጻፈች። በ1802 ዶደን የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ ይህንኑ ስም የሳይንስ መጠሪያዋ አደረገው፤ እስከ ዛሬም የዓለም ሊቃውንት የሚጠሯት በዚሁ ነው። እርሷም በደጋው አገር በየጓሮው የምናያት፣ ጎጆዋን ከሣር ፈትላ ከቅርንጫፍ ጫፍ የምታንጠለጥል፣ ተባዕቷ ፊቱ ጥቁር የሆነ ቢጫ ወፍ ናት። እናቴም ሆነች እኔ ግን «ባግላፌክት» የሚል ስም ከማንም ሰምተን አናውቅም። ከእኛ አገር የተወሰደው ስም በባዕድ መጽሐፍ ሲኖር፣ በእኛ ጓሮ ወፏ ያለ ስም «ቢጫዋ ወፍ» ተብላ ቀርታለች።

ከዚያ ቀጥሎ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ብዙ አዕዋፍን ሰበሰበ። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የምናያትን አንገቷ ነጭ የሆነ ርግብና ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረውን ታላቁን ቁራ ለሳይንስ የሰየማቸው እርሱ ነው። የሰበሰባቸውም ወደ ፍራንክፈርት ሙዚየም ተላኩ። ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ፣ ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ ሲያነሣ የጎጃምን ወፎችም አብሮ ሰብስቧል፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍም በ1936 ታትሟል።

በዚያ ዘመን «መሰብሰብ» ማለት መግደል ነበር። ወፉ በጠመንጃ ይመታል፤ ቆዳው ይገፈፍና በጥጥ ይሞላል፤ ከእግሩ ላይ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል። ይህን ስጽፍ ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሩቅ ያለችን ትንሽ ፍጥረት አቅርቦ ለመመርመር ሌላ መሣሪያ ስላልነበራቸው ነው። እግሩ ላይ ያሰሩት ትንሽ ወረቀት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀንና ቦታ የሌለው ቆዳ ለሊቃውንት ምንም ዋጋ አልነበረውም።

በጠመንጃውና በካሜራው መካከል የቆመ አንድ ሠዓሊም አለ። በ1926 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የተላከ ጓድ ወደ አገራችን መጥቶ ዓባይን በመሻገር በራስ ኃይሉ ግዛት በጎጃም አልፏል። ከጓዱ አባላት አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ ነበር። የሞተ ወፍ ቀለሙ ቶሎ እንደሚደበዝዝ ስለሚያውቅ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ የዓይኑንና የእግሩን ቀለም በብሩሽ ይይዝ ነበር። በ1927 ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። ከእነርሱም የተመረጡ 32 ሥዕሎች በ1930 በአልበም ታትመው ወጡ።

የመስተዋቱ ዘመን

የካሜራው ታሪክ ከጠመንጃው ታሪክ ጋር የተጋባ መሆኑ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚያስደንቅ ነው። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ በ1882 የወፍን አበራረር ለማጥናት የሠራው መሣሪያ ቅርጹ ጠመንጃ ነበር፤ አልሞ ቃታውን ሲስቡት ግን ጥይት በመተኮስ ፈንታ በሴኮንድ 12 ፎቶግራፍ ያነሣል። በ1892 በእንግሊዝ አገር የኪርተን ወንድማማቾች የወፍ ጎጆን ከነዕንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ደግሞ እንስሳው የተዘረጋውን ገመድ ሲነካ ብርሃን የሚያበራና ራሱ ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ አበጅቶ፣ የሌሊት ፎቶግራፎቹ በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተሙ።

የዛሬው የጓሮ ካሜራ የሺራስ ገመድ የልጅ ልጅ ነው። ገመዱን የተካው የሰውነትን ሙቀት ከሩቅ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከበስተኋላው ካለው ነገር የተለየ ሙቀት ያለው አካል ሲንቀሳቀስ ካሜራው ይነቃና መቅረጽ ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ በቀዝቃዛው የደጋ ንጋት በደንብ ይሠራል፤ ቀትር ላይ ግድግዳው ሲግል ግን ትንሿን ወፍ ሳያያት ያልፋል። ነፋስ ያወዛወዘውን ቅርንጫፍ ወፍ አድርጎ መቅረጹም የተለመደ ነው። ከወፏ ሲርቅ አይነቃም፤ እጅግ ሲቀርብ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል።

በአገራችን ዕውቀቱ በባለቤቶቹ ዘንድ መቀመጥ የጀመረው ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተቋቋመ። በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በ1971 በአዲስ አበባ ታተመ። በ1996 ማኅበሩ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን በመጽሐፍ አወጣ።

ካሜራ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በበርጋ ረግረግ፣ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰች ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ ትፈለፍላለች፤ ይህም የታወቀው በ1997 ነው። ይህችው ወፍ በደቡብ አፍሪካም ትታያለች፤ እዚያ ግን እንደምትፈለፍል ማንም አያውቅም ነበር። በሣር ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ሰው ሲቀርባት አትታይም። በ2018 በሣሩ መካከል የተተከሉ ካሜራዎች ጫጩቶቿን በመቅረጻቸው በዚያም እንደምትፈለፍል ተረጋገጠ። አንዲት ወፍ ሳትሞት ታላቅ ጥያቄ ተመለሰ።

የእናቴ ጓሮ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንዲህ ያለ ካሜራ ገዝቼ በሮብ ገበያ በእናቴ ጓሮ ተከልሁ። የመረጥሁት ቦታ እናቴ እህል በሰፌድ የምታበጥርበትን ነበር፤ ምክንያቱም ከሰፌዱ የሚወድቀውን ለመልቀም ወፎች ከንጋት ጀምሮ ይሰበሰባሉ። በአቅራቢያውም አባቴ ያሳደገው ዋንዛ ቆሞ ነበር። በበጋው እናቴ በገንቦ ስባሪ ውኃ ስታስቀምጥ ከእህሉ ይልቅ በውኃው ብዙ ወፍ መጣ። ድንቢጦች ሲጣሉ፣ ዋኔ ስትጠጣ፣ በክረምቱ መግቢያም ያች ቢጫ ወፍ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ጎጆዋን ስትፈትል ተቀረጹ። በየበዓሉ አገር ቤት ስሄድ ምስሎቹን ከካርዱ ላይ እየገለበጥሁ ከእናቴ ጋር እናያቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለእናቴ አዲስ ቤት ለመሥራት አሰብሁ። ፕላኑን ያወጣሁት እኔው ነኝ። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለካሁ፤ የውኃውን መውረጃ አሰላሁ፤ ዋንዛውን ግን በፕላኔ ላይ አላኖርሁትም። መሠረቱ ሲቆፈር ዛፉ በመሥመሩ ላይ ተገኘና ተቆረጠ። ቤቱን ሁለት ሜትር ወደ ግራ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ግንዱ ከወደቀ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ካሜራውን በአዲሱ ቤት ጥግ ሰቀልሁት። የቀረጸው ግድግዳና ዝናብ ነበር። አንድ ማታ የፊተኛውን ዓመት ምስል ለእናቴ ከፍቼ ባሳየኋት ጊዜ ዝም ብላ ተመልክታ፣ «ልጄ፣ ወፎቹንስ አየኋቸው፤ አሁን የት ነው የሚያድሩት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፍራንክፈርት ባለው መሳቢያ የተቀመጠው ቆዳና በእኔ ካርድ ላይ ያለው ምስል በአንድ ነገር እንደሚመሳሰሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱም የነበረውን ይናገራሉ እንጂ ያለውን አያቆዩም። ከጠመንጃ ወደ ካሜራ መሸጋገራችን ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጠመንጃው ያላጠፋውን በመሥመርና በማስመሪያ ልናጠፋው እንችላለን።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በቤቱ ካሜራ የሚሰቅል ሰው ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሎ ቦታውን ይጻፍ፤ ቀንና ቦታ የሌለው ምስል ወረቀት እንደሌለው ቆዳ ነው። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሰው ወፉን የሚጠራበትን ስም ከሽማግሌዎችና ከወፍ ጠባቂ ልጆች ጠይቆ ከምስሉ ጋር ያኑር፤ ሌላ «ባግላፌክት» ከእጃችን እንዳይወጣ። ሦስተኛውም ከሁሉ የሚበልጠው፣ የቤትም ሆነ የመንገድ ፕላን ስናወጣ የቆመውን ዛፍ እንደ ጉድጓዱና እንደ ድንጋዩ ሁሉ በፕላናችን ላይ እናስፍር። ያሰፈርነውን ዛፍ ሳናስብ አንቆርጠውም።

በእናቴ አጥር ጥግ የዋንዛ ችግኝ ተክለናል። ካሜራውም ወደዚያ ዞሯል፤ ለጊዜው የሚቀርጸው ችግኙን ብቻ ነው።