ተዋናዩ ሲሄድ፦ የገፀ ባሕርያት ዝምድና በ«ቺርስ» ሲትኮም

ስለ አንድ ሲትኮም ሲወራ ተመልካች ገፀ ባሕርያቱን የሚያነሳው በየስማቸው ነው። ደራሲው ግን ሲጽፍ የሚያሰላው በመካከላቸው ያለውን ነው፤ ማን ማንን ያናድዳል፣ ማን ማንን ይንቃል፣ ማን በማን ይመካል። የዚህ ስሌት ጥንካሬ የሚፈተነው አንድ ተዋናይ ድራማውን ትቶ ሲሄድ ነው። ከ1982 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንቢሲ ለ11 ሲዝኖች የታየው «ቺርስ» ይህ ፈተና ሁለት ጊዜ ገጥሞት ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል።

ወንድማማቾቹ ግሌንና ሌስ ቻርልስ ከዳይሬክተሩ ጄምስ ቡሮውስ ጋር የፈጠሩት ይህ ሥራ ባብዛኛው ከአንድ የቦስተን መጠጥ ቤት አይወጣም። ባለቤቱ ሳም ማሎን መጠጥ እርም ያለ የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች፣ የለየለትም ሴት አውል ነው። ዳያን ቻምበርስ ደግሞ እጮኛዋ ጥሏት ሄዶ አስተናጋጅ ለመሆን የተገደደች፣ መጽሐፍ ጠቅሳ የማትጠግብ ሴት ናት። የዳያን ጥቅስ ብቻውን አያስቅም። የሚያስቀው ምላሷ የሚቆርጠው ሌላዋ አስተናጋጅ ካርላ ስትቀበለው፣ ፖስተኛው ክሊፍም የተሳሳተ ዕውቀቱን ሲጨምርበት ነው። ክሊፍ በመጀመሪያው ንድፍ አልነበረም፤ ተዋናዩ ጆን ራትዘንበርገር ለሌላ ሚና ተፈትኖ ሳለ፣ መጠጥ ቤቱ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ደንበኛ እንደሚያስፈልገው ሐሳብ በማቅረቡ የተጨመረ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በ1985 መጣ። የዋሁን ሽማግሌ ባርማን «ኮች»ን የሚጫወተው ኒኮላስ ኮላሳንቶ አረፈ። በምትኩ የገባው ዉዲ ቦይድ የተባለ የኢንዲያና ገጠር ልጅ ነው። ወርቁን ስቶ ሰሙን ብቻ መያዝ የሁለቱም ጠባይ ነው፤ ከሳም ጋር ያላቸው ዝምድና ግን ተገለበጠ። ኮች የሳም የቀድሞ አሠልጣኝና እንደ አባቱ ነበር፤ ዉዲ ተመካሪ ታናሽ ሆነ። ቀልዱ ሳይቋረጥ ሳም ራሱ ታላቅ ሆኖ ተገኘ።

በ1987 ዳያንን የምትጫወተው ሼሊ ሎንግ ስትሰናበት መልሱ ሌላ ሆነ። ሌላ የተማረች አስተናጋጅ መፍጠር ቀላል ነበር፤ አልተደረገም። ሳም መጠጥ ቤቱን ሸጦ ዓለምን በባሕር ሊዞር ይነሳል፤ ጀልባው ሰጥሞበት ሲመለስ፣ ቤቱን የገዛው ኩባንያ የሾማት ሥራ አስኪያጅ ሬቤካ ሃው ትቀጥረዋለች። የዳያን አለቃ የነበረው ሳም አሁን አለቃው ሴት ሆነች። ቆየት ብሎ ደግሞ ደራሲዎቹ ኩሩዋን ሬቤካን በፍቅርም በሥራም የማይቀናት ሰው አደረጓት፤ እሷን የተጫወተችው ኪርስቲ አሊ ይበልጥ ያሳቀችውም ያኔ ነው።

የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬዠር ክሬን በ1984 የገባው ለሳምና ለዳያን ፍቅር መሰናክል እንዲሆን ነበር። ዳያን ከሄደች በኋላም በቢራ ጠጪዎቹ መካከል ምሁሩ እሱ ሆኖ ቀረ።

በ1993 በስሙ የራሱን ሲትኮም ሲያገኝ ግን ምሁርነቱ ብቻ አልበቃም። ሲያትል ውስጥ ከእሱ የባሰ ቅምጥል ወንድም፣ ናይልስ፣ እና ጡረታ የወጣ ፖሊስ አባት፣ ማርቲን፣ ተሰጡት። ቦስተን ላይ የመጨረሻው ተመጻዳቂ የነበረው ሰው በሁለቱ መካከል መሐል ሰፋሪ ሆነ። ችግሩ፣ በ«ቺርስ» አባቱ ሳይንቲስት እንደነበረና እንደሞተ ተናግሮ ነበር። ደራሲዎቹ የአባትየውን ሚና ከመተው የቀድሞውን ታሪክ መሻር መረጡ፤ በ1995 ሳም ሲያትል ድረስ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ፍሬዠር ያኔ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ስለነበር እንደዋሸ ያምናል።