የሳሕን ማጠቢያ መኪና ታሪክና የጠባብ ማድ ቤት ጕዳይ

(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ከማድ ቤት የሚነሣ ስለ ሆነ፣ «ይህስ የሴቶች ጕዳይ ነው» ብሎ ጋዜጣውን የሚያጥፍ ወንድ አንባቢ እንዳይኖር አስቀድሜ እለምናለሁ። ገንዘቡ የሚወጣው ከደመወዙ፣ የሚታጠበውም ሳሕን እርሱ የበላበት ስለ ሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተዋል።

እንበልና እርስዎ በባቱ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። ባለቤትዎም ሠራተኛ ናቸው፤ ልጆች አሉ፤ ቤቱ የኪራይ ነው፤ ማድ ቤቱም ሁለት ሰው ጐን ለጐን የማያቆም ነው። ለሥራ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ፣ በአንድ ሱቅ መስኮት በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አነስተኛ የሳሕን ማጠቢያ መኪና ያያሉ። ዋጋዋ ከታላላቆቹ መኪናዎች እጅግ ያነሰ ነው። ሻጩም «ስድስት ሰው የበላበትን ዕቃ በአንድ ጊዜ ታጥባለች፤ ውሃም ትቈጥባለች» ይልዎታል። ትገዛ ወይስ ትቅር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት መኪናዪቱ ከየት እንደ መጣች፣ በምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንዳደገች መመርመር ይጠቅማል፤ ማናቸውም መሣሪያ ሲፈጠር የፈጣሪውን ገበታና የፈጣሪውን ውሃ ተከትሎ የሚፈጠር ነውና።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆኤል ሆውተን የሚባል ሰው በእጅ በሚዞር መዘውር ውሃ በሳሕን ላይ የሚረጭ የእንጨት መሣሪያ አስመዘገበ፤ ነገር ግን መሣሪያው ከመርጨት አልፎ በደንብ የሚያጥብ አልሆነም። ቍም ነገር ያለውን ሥራ የሠራችው በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ ትኖር የነበረች ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል እመቤት ናት። እንግዳ የምታበዛ፣ የከበሩ የሸክላ ሳሕኖችም የነበሯት ሰው ስትሆን፣ አገልጋዮቿ ሲያጥቡ የሳሕኖቹን ጠርዝ እየሸረፉ ስላስቸገሯት መላ ትፈልግ ጀመር። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1883 ዕዳ ትቶላት ሲሞት ግን ለቅንጦት የታሰበው ነገር የእንጀራ ጕዳይ ሆነባት። ጆርጅ በተርስ ከሚባል መካኒክ ጋራ ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1886 የፈጠራ መብት ተሰጣት።

የመኪናዋ አሠራር እንዲህ ነበር፦ ሳሕኑና ሲኒው እንደየቅርጹ በተበጀለት የሽቦ መደርደሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መደርደሪያው በመዳብ ጋን ውስጥ በተጋደመ መንኰራኵር ላይ ይታሰራል፤ መንኰራኵሩ ሲዞር የጋለ የሳሙና ውሃ እየተገፋ ዕቃውን ይመታዋል። ብሩሽ የለም፤ የሚያጥበው የውሃው ጕልበት ነው። ዛሬ በሱቅ መስኮት የሚያዩዋት መኪናም ከዚህ መሠረት አልወጣችም።

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የወይዘሮ ኮክሬንን መኪና የገዟት የቤት እመቤቶች አልነበሩም። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ በቺካጎ ከተማ የነበረው ፓልመር ሃውስ የሚባለው ታላቅ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በዚያችው ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ መኪናዋ ለሕዝብ ቀርባ ሽልማት ካገኘች በኋላም የሚያዝዟት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች፣ ቀጥሎም ሆስፒታሎች ነበሩ። የተራው ሰው ቤት ይህን ያህል ፍል ውሃ የሚያቀርብ ማሞቂያ አልነበረውም፤ ዋጋውም አይቀመስም ነበር። ወይዘሮዪቱ እ.ኤ.አ. በ1913 ስትሞት መኪናዋ ገና የቤት ዕቃ አልሆነችም።

ለቤት የምትሆነውን ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ1924 የሠራው ዊልያም ሃዋርድ ሊቨንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርዝ ጋዝ መወርወሪያ የሠራ መሐንዲስ መሆኑን ስንሰማ፣ እጁ ከዚያ ሥራ ወደ ሳሕን ማጠብ በመመለሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ከፊት የሚከፈተው በርና እየተሽከረከረ ውሃ የሚረጨው ክንድ በእርሱ ሥራ ላይ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሚሌ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሪክ የምትሠራ የቤት መኪና አወጣ። በአሜሪካ ደግሞ የኮክሬንን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1926 የገዛው ሆባርት፣ በ1949 ኪችንኤይድ በሚለው ስም ለመኖሪያ ቤት የሚሆን መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ በብዙ ቤት የገባው። ፍል ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፤ አረፋ የማያበዛ ልዩ ዱቄት ተገኝቷል፤ የቤት አገልጋይ ጠፍቷል፤ እያንዳንዱ ሰውም በየራሱ ሳሕን፣ በየራሱ ሹካና ቢላዋ ይበላል።

የእኛ ገበታ ግን ከሌላ ታሪክ የመጣ ነው። አንድ መሶብ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ሹካው እጅ፣ ሳሕኑም እንጀራው ራሱ ስለ ሆነ አብዛኛው የሚታጠብ ዕቃ ይበላ ነበር ቢባል ቀልድ አይደለም። ከምግብ በፊትና በኋላ የሚታጠበው የእንግዳው እጅ ነው። የቀረውን ለማጽዳት እናቶቻችን የየራሱን መድኃኒት ያውቁ ነበር፦ ቅባት ለያዘው ድስት አመድና አሸዋ፣ ለጠላ ጋን የግራዋ ቅጠል፣ ከዚያም የወይራ ጢስ። በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው የኦሮሞ ከብት አርቢም የወተት ዕቃውን በጢስ ያጥናል፤ ይህም ሽታ ለማሳመር ብቻ አይደለም፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽም ነው። አመድን የናቀ ሰው ቢኖር፣ አመድ ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ቅባትን ወደ ሳሙና የሚለውጥ ኃይል እንዳለው ይወቅ።

ሳሕን በከተማ ቤቶቻችን የበዛው ቀስ በቀስ ነው። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1907 ግድም በአዲስ አበባ ያስከፈቱት ሆቴል የፈረንጅ ገበታን ለከተማው ሰው አሳየ። ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር በአዳማ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ዕቃ እንደ ልብ ይገባ ጀመር። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ደግሞ ፓስታ ከነጐድጓዳ ሳሕኑና ከነሹካው መጣ፤ ወራሪው ሲወጣ ፓስታው ቀረ። የመብራቱም ነገር ከዚሁ ሸለቆ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ኢጣልያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሜጋዋት ያህል ኃይል ያመነጭ ጀመር። እንግዲህ ዛሬ በባቱ ማድ ቤት ሁለት ታሪኮች ተገናኝተው እናገኛለን፦ መሶቡም አለ፣ የልጆቹ የፓስታ ሳሕንም አለ።

ስለዚህ መኪናዪቱን ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ቀን ዕቃዎን ቈጥረው ይለዩ። የሸክላ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ወደ መኪናዪቱ አይገቡም፤ ሸክላ የሳሙናውን ውሃ ስለሚጠጣ በማግስቱ ለወጡና ለቡናው ይመልሰዋል። መሶብ፣ ሰፌድና ገበቴ እንኳን ሊታጠቡባት በአጠገቧም አያልፉም። ቤተ ሰቡ የሚበላበት ሰፊ ትሪ ለትንሺቱ መኪና አይመጥንም፤ የምትቀበለው ሳሕን ስፋቱ ከ26 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ድስት በመኪናዪቱ ኃይለኛ ዱቄት ይጠቍራል። ጠርዙ ወርቅማ የሆነ የቡና ሲኒም ከጥቂት እጥበት በኋላ ወርቁን ይለቃል፤ ይህንንም ሳይነግሩ ለእንግዳ የሚቀመጠውን ሲኒ ከመኪናዪቱ የሚከት ባል ምን እንደሚደርስበት ለእርስዎ ልተወው። የሚቀረው ብርጭቆ፣ ዝርግና ጐድጓዳ ሳሕን፣ ሹካና ማንኪያ ነው። እነዚህ በቀን አንድ ጊዜ መኪናዪቱን የማይሞሉ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የሻጩን የውሃ ቍጠባ ቃል ደግሞ እንመርምር። በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ሰዎች 12 ሰው የሚበላበትን ዕቃ በእጅ ሲያጥቡ ለክተው፣ በአማካይ 100 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያፈሱ አግኝተዋል። መኪናዪቱ ለዚሁ ዕቃ ከዚህ እጅግ ያነሰ ትወስዳለች፤ ቃሉ ለእነርሱ እውነት ነው። እነርሱ ግን ቧንቧውን ከፍተው የሚያጥቡ ናቸው። በሁለት ሳፋ፣ አንዱን ለሳሙና አንዱን ለማለቅለቂያ አድርጎ የሚያጥብ የእኛ ቤት፣ በአንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የቤቱን ዕቃ ይጨርሳል። ትንሺቱ መኪና በአንድ እጥበት ከ6 እስከ 8 ሊትር ትወስዳለች፤ ትርፉ አለ፣ ነገር ግን ሻጩ እንደሚለው አይደለም። መብራቱ ብዙ አያስፈራም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሲስብ፣ መኪናዪቱ ውሃ ስታሞቅ እንኳ ከ1 ኪሎዋት ብዙም አትርቅም።

የሚያስፈራው ዱቄቱ ነው። ለእጅ ማጠቢያ የተሠራው ፈሳሽ ሳሙና ወይም የልብስ ኦሞ ከገባባት በአረፋ ታንቃ ወለሉን ታጥለቀልቃለች። የእርሷ ልዩ ዱቄት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋ ዶላርን እየተከተለ የሚሄድ ሆኗል። የሚገርመው ግን ከዱቄቱ ዋና ዋና ቅመሞች አንዱ የሆነው ሶዳ አሽ ከባቱ ብዙ ሳይርቅ መገኘቱ ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ በሚገባበት በአብያታ ሐይቅ ዳር ፋብሪካ ቆሞለት ነበር፤ ሐይቁም ከዚያ ወዲህ እጅግ ሸሽቷል። ሻጩ ጨው ጨምረው እንዲገዙ ቢያስገድድዎ ደግሞ ቀስ ይበሉ። ጨው የሚያስፈልገው ካልሲየምና ማግኒዥየም ለበዛበት ውሃ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙ ጊዜ የሚያመዝነው ሶዲየም ነው። ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚለያይ ያለዎትን ውሃ አስመርምረው ይወስኑ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። ወይዘሮ ኮክሬን መኪናዋን የፈለገችው አገልጋዮቿ ሳሕን ስለ ሰበሩባት ነበር፤ የእነርሱን ድካም ዐስባ አልነበረም። በእኛ ቤት ሳሕኑን የምታጥበው ማን ናት? ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ በማታ ትምህርት ቤት የምትማር ወጣት ናት። ከክፍል ስትመለስ የራቱ ዕቃ ተቈልሎ ይጠብቃታል፤ ደብተሯን የምትገልጠው ከዚያ በኋላ፣ ዐይኗ በእንቅልፍ ሲከደን ነው። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አለዎት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ሲወጣ ግን የቤት ሠራተኛዪቱን አላካተታትም። የሥራዋን ሰዓት የሚወስኑት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። መኪናዪቱ ብትገዛና ያ አንድ ሰዓት ለደብተሯ ቢሰጥ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ አልልም። በሰዓቱ ሌላ ሥራ የሚታዘዝ ከሆነ ግን የተገዛው ዕቃ ለቤቱ ጌጥ ብቻ ነው።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፣ በባቱ በሚገኝ ጠባብ ማድ ቤት ገንዘቡ በመጀመሪያ መውጣት ያለበት በሮቶና በወገብ ልክ ከፍ ብሎ በሚሠራ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ነው እላለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ከሌለ መኪናዪቱ በሥራዋ መካከል ትቆማለች፤ መሬት ላይ ባለ ሳፋ ጐንበስ ብላ የምታጥበው ልጅም ቀና ብላ መሥራቷ ብቻ ታላቅ ዕረፍት ነው። ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰ ቀኑን ሙሉ በየሳሕኑ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ግን፣ ከቺካጎው ሆቴል ጋራ አንድ ዓይነት ችግር ስላለበት፣ ከእርስዎ ቀድሞ ሊገዛ ይገባዋል፤ እርሱም ትንሺቱን ሳይሆን ለሆቴል የምትሠራውን ይግዛ።

ሮቶውና ገንዳው ያለው፣ የሚታጠበውም ሳሕን በየቀኑ መኪናዪቱን የሚሞላ ቤት ግን ቢገዛ አልከለክልም። ሲገዛም መለዋወጫና ጠጋኝ በአዳማ ወይም በአዲስ አበባ መገኘቱን ይጠይቅ፤ የመብራቱን መዋዠቅ የሚከላከል ስታቢላይዘር ይጨምር፤ መኪናዪቱ የምትቀመጥበትን ብቻ ሳይሆን በሯ ወደ ፊት ሲከፈት የሚይዘውንም ቦታ ይለካ። የኪራይ ቤት ከሆነ ግድግዳና ቧንቧ ሳይነካ፣ 5 ሊትር ያህል ውሃ በእጅ የሚፈስባትን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። የእርሷ የእጣቢ ቱቦ ከገንዳው ካልደረሰ ባልዲ ሥር ይደረግላታል፤ ባልዲውም ከ10 ሊትር ባያንስ መልካም ነው፤ ያለዚያ ወለሉን የሚወለውል ሌላ ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል።